ከእንጦጦ ስወርድ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ብስክሌቱን ልለውጥ ወይስ ፍሬኑን ብቻ?

የቁስቋሙ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የብስክሌት ወዳጆች።

ሥራዬ ባንክ ውስጥ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እሰነብትና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። አንዱ መሐንዲስ ነው፣ ሌላው የጥርስ ሐኪም፤ ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ እስካሁን በትክክል አልገባንም፤ ዳገቱን ቀድሞ የሚጨርሰው ግን ሁልጊዜ እሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀገር ልብስ ሱቆቹ ሳይከፈቱ እንገናኛለን፤ አስፋልቱን ይዘን እየተነፋነፍን ማርያም እንደርሳለን፤ ከደጃፏ ተሳልመን ትንፋሻችን ሲመለስ ወደ ጫካው እንገባለን። ዳገቱ ላይ ማንም ቃል አይተነፍስም። ቁልቁለቱ ላይ ግን የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር እንደ ሕፃን ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁርስ፣ ጨጨብሳውና ሻዩ፣ የማን ጎማ እንዴት እንደተንሸራተተ የሚደረገው ክርክር፣ ሳምንቱን ሙሉ ያቆየኛል። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ቅዳሜ ሊያስተምረኝ አይችልም።

ችግሬ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ብስክሌቴ ባለ 26 ኢንች ጎማ አሮጌ ነው፤ ከፊት ሞላ አለው፤ ፍሬኑ ግን ቸርኬውን ከሁለት ወገን በላስቲክ የሚነክስ ዓይነት ነው። ቁልቁለቱን ሳላጋምስ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ቆሜ ቸርኬውን ስነካው ያቃጥላል። ጤዛ ባለበት ጠዋት ደግሞ ፍሬኑን ስጨብጠው ትንሽ አስቦበት ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፤ ከኩርባው ማዶ መኖራቸው የሚታወቀው ከደረሱ በኋላ ነው። እኔ ብወድቅ የራሴ ጉዳይ ነው፤ እነሱ ላይ መድረስ ግን አልፈልግም።

ጓደኞቼ «ሽጠውና እንደ እኛ ባለ ዘይት የዲስክ ፍሬን ግዛ» ይሉኛል፤ ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሐል ላይ የታሰረ የብረት ሳህን የሚነክስ፣ በካቦ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማለታቸው ነው። የሦስቱም ባለ 29 ጎማ ነው። ዋጋውን ለባለቤቴ ብነግራት «ሞተር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ? ብስክሌቱን ልለውጥ፣ ፍሬኑን ብቻ ላሻሽል ወይስ አወራረዴ ነው ችግሩ?

ጋሽ ካቴና

አንተ ልጅ፣ ብስክሌቱን አትሽጥ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ብስክሌት ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ ባለቤቱን ሳይሆን ፍሬኑን አይቼ ነው ሰው የምመክረው።

ይህ የተራራ ብስክሌት የምትሉት ስፖርት ኦሎምፒክ የገባው ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ባሸነፈችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የጀመሩት የካሊፎርኒያ ጎረምሶች ግን ከዚያ 20 ዓመት አስቀድመው ነበሩ፤ የሚወርዱትም ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ በሚይዝ ፍሬን፣ በከባድ አሮጌ ብስክሌት ነበር። የጎማው እምብርት፣ ሞዞው፣ ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨስ ነበርና ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ ፈትተው አዲስ ግሪስ ይሞሉ ነበር። ስለዚህ ፍሬን የሚግልብኝ እኔን ብቻ ነው ብለህ አትዘን።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። መጀመሪያ ርካሹን ሥራ። የፍሬኑን ካቦ ከነሽፋኑ ቀይረው፤ አቧራ የገባበት ካቦ የጣትህን ጉልበት ግማሹን መንገድ ላይ ይበላዋል። ላስቲኮቹን አውጥተህ ተመልከታቸው፤ ፊታቸው ካብረቀረቀ በብርጭቆ ወረቀት ሻር ሻር አድርጋቸው፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ከተሰካባቸው በመርፌ ልቀመው፤ ከደረቁ ጣላቸው። ቸርኬውን በአልኮል ጥረገው። ከዚያ ደግሞ የፍሬኑን እጀታ እይ፤ ከሥሩ ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ስታጠብቃት እጀታው ወደ ጣትህ ይቀርባል። ብዙ ሰው ይህችን ብሎን ሳያውቃት ብስክሌቱን ይሸጣል። እጀታውን በአንድ ጣት፣ ከጫፉ ያዘው፤ ከሥሩ ከያዝከው በአራት ጣት ብትጎትት እንኳ አይበቃህም።

አወራረድህም ሳይኖርበት አይቀርም። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች አሽተህ አትውረድ፤ ቸርኬውን የሚያግለው፣ አልፎ ተርፎም ከመነዳሪውን የሚያፈነዳው እሱ ነው። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። ኮርቻህን ዝቅ አድርግ፣ ተረከዝህን ጣል፣ ዓይንህ ጎማው ሥር ሳይሆን ወደ ፊት ራቅ ብሎ ይይ።

ሙሉ ዲስክ

ጋሼን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። ባለ 26 ደህና ጎማ ማግኘት ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው፤ አዳዲሶቹ ብስክሌቶች ወደ 29 ካዘነበሉ ቆዩ። ትልቁ ጎማ የባሕር ዛፉን ሥር ሳይደናቀፍ ያልፈዋል። በካቦና በላስቲክ የምታወጣውን ገንዘብ አጠራቅመህ አንዴ ግዛ። እናቶቹንም ካሰብክ በዘይት የሚሠራ ፍሬን በዝናብም በጤዛም ያው ነው።

የቁስቋሙ ልጅ

ጋሽ ካቴና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሏት ብሎን በእርግጥ አለች! ዛሬ ከሥራ መልስ ትንሽ ባጠብቃት እጀታው ጣቴ ሥር መጣ። ላስቲኮቹም እንዳሉት ያብረቀርቃሉ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የፊት ሹካው ላይ በግራ በኩል ቀዳዳ ያለው ጆሮ ነገር አለ። ለዲስክ ይሆን? ከኋላ ግን ምንም የለም።

ሙሉ ዲስክ፣ ምክርህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ከባለቤቴ ጋር የምትነጋገረው ግን አንተ ከሆንክ ብቻ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የእንጦጦ ሽታ መጣብኝ። እኔ እዚህ ፋውንቴንሄድ የሚባል ፓርክ ውስጥ ነው የምነዳው፤ መንገዶቹ በቀለም የተለዩ ናቸው፤ አረንጓዴው ለጀማሪ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ ጥቁሩ ልብ ላለው። ከዝናብ በኋላ አፈሩ እስኪደርቅ ብስክሌት አይገባም፤ እርጥብ አፈር ላይ ጎማ የተወው ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ ጎርፍ ይመራልና። እንጦጦ ላይ ይህን የሚከለክል ከሌለ እናንተው ራሳችሁን ከልክሉ። በክረምት አስፋልቱ ይበቃል።

ለገና መጥቼ ከአጎቴ ልጆች ጋር ስወጣ ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛው አየሩ ነው፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሳንባዬ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሁለተኛው መሬቱ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ ጎማ ሥር ሲገባ ብይ ላይ እንደመቆም ነው፤ ደረቁ ቅጠል ደግሞ ድንጋዩን ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ የፊት ፍሬን በድንገት የያዘ ሰው መሬት ላይ ነው። በዲስክም ቢሆን በላስቲክ ያው ነው፤ ጎማው ካልያዘ ፍሬኑ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ነፋሱን ቀንስ። ጎሚስታ ቤት እንደ መኪና ጎማ አጠንክረው ይሞሉልሃል። ከ65 እስከ 70 ኪሎ ከሆንክ፣ ወፈር ላለ ጎማ በነፋስ ግፊት መለኪያው 30 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ጀምር፤ የፊቱ ከኋላው ትንሽ ይቀንስ። በጣም ከቀነስክ ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል።

ስለ ጓደኞችህ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሥራው የማይታወቀው ፈጣኑ ሰውዬ ቁልቁለት ላይ መጨረሻ ይሁን። እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ሲያዩት የሚያስቸኩል ሰው ከፊት ካለ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ከአቅሙ በላይ ይወርዳል። መንታ መንገድ ላይ የደረሰ ሁሉ ከኋላው ያለው እስኪታየው ይቆማል። እናቶቹን ስታዩ ደግሞ ውረዱ፤ ብስክሌቱን ወደ ገደሉ ወገን አድርጋችሁ የውስጡን መንገድ ልቀቁላቸው። ሸክም ያለው ሰው ገደል ዳር መቆም የለበትም።

የቁስቋሙ ልጅ

እኅቴ፣ የገደሉን ወገን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር፤ እኛ የምንቆመው በውስጥ በኩል ነው። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ፈጣኑ ሰውዬ መጨረሻ እንዲሆን ስንጠይቀው አኮረፈ፤ ቁርስ የሚያዝዘው እሱ እንዲሆን ተስማምተን አስታረቅነው።

ጋሽ ካቴና

ያ ጆሮ የዲስክ ፍሬን መያዣ ነው። የሁለቱን ቀዳዳዎች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለካ። 51 ሚሊ ሜትር ከሆነና ብሎኑ ከጎን የሚገባ ከሆነ የቀድሞው ዓይነት ነው፤ 74 ከሆነ አዲሱ ነው። 51 ከሆነ መካከል ላይ የምትገባ መሸጋገሪያ ያስፈልግሃል፤ ትንሽ ናት፣ አትረሳ።

የኋላው ላይ መያዣ ከሌለ አትጨነቅ፤ ቁልቁለት ላይ ክብደትህን የሚይዘው በዋናነት የፊቱ ነው። የኋላው በላስቲኩ ይቀጥል። መርካቶ ሄደህ ባለ 26 የፊት ቸርኬ ከነሞዞው ፈልግ፤ ሞዞው ላይ ዲስኩ የሚታሰርባቸው 6 ቀዳዳዎች መኖራቸውን በዓይንህ ሳታይ አትክፈል። ዲስኩ ስፋቱ 160 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል። ፍሬኑን በካቦ የሚሠራውን፣ ለተራራ ብስክሌት የተሠራውን ግዛ፤ ያ ከሆነ አሁን ያለው እጀታህ ያገለግላል፤ ካቦው ግን ከነሽፋኑ እስከ ሹካው ታች እንዲደርስ ረዘም ያለ ይሁን። ለአስፋልት ብስክሌት የተሠራውን ከሰጡህ እጀታው አይገጥመውም፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢልህም ያው አይደለም።

ሙሉ ዲስክ

እሺ ጋሼ፣ ለፊቱ ተሸነፍኩ። ሲያስረው ግን ዲስኩን በቅባት እጁ እንዳይነካው ይንገሩት፤ የእኔ ወር ሙሉ ሲያፏጭ የከረመው በዚያ ነበር።

ጋሽ ካቴና

እውነቱን ነው። ዲስኩን በአልኮል ጥረገው፤ ከዚያ እንጦጦ ከመውጣትህ በፊት ሜዳ ላይ ፈጠን እያልክ፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ እየያዝክ እየለቀቅክ ደጋግመው። የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን እስኪለምደው በደንብ አይዝልህም። መጀመሪያው ቀን «አይሠራም» ብለህ እንዳትመልስላቸው።