ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች በበቆሎ ፈንታ ማሽላ መመገብ ያዋጣል?

የኮምቦልቻዋ አርቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኮምቦልቻ ዳርቻ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን አረባለሁ። ከወጪዬ አብዛኛውን የሚወስደው መኖ ሲሆን፣ ከሩቅ የሚመጣው ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሥራውን ማስቀጠል እየከበደኝ ነው። በቃሉና በቆቦ ቆላ በስፋት የሚመረተውን ማሽላ በበቆሎ ፈንታ ብጠቀም እንቁላሉ ይቀንስብኛል? ኩሱስ ተከማችቶ መጥፎ ጠረኑ ጎረቤት እንዳያስቸግር ምን ባደርግ ይሻላል?

የመኖ ባለሙያ፣ ወልድያ፦
እህቴ፣ ይቻላል፤ ሆኖም ሁሉም ማሽላ አንድ አይደለም። ነጩ ማሽላ በኃይል ሰጪነቱ ከበቆሎ ብዙም አያንስም፤ ቡናማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ታኒን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ዶሮዎቹ ከኑግ ፋጉሎው የሚያገኙትን ፕሮቲን በሚገባ እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል። ስለዚህ ነጩን ይምረጡ፤ ለውጡንም በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያድርጉት። ማሽላ እንደ ቢጫ በቆሎ አስኳልን የሚያቀላ ነገር ስለሌለው አስኳሉ ይነጣል፤ ገበያተኛው ደግሞ ቀይ አስኳል ይወዳል። በየቀኑ የተከተፈ አልፋልፋ ወይም ጎመን ሲጨምሩላቸው ቀለሙ ይመለሳል። የኖራ ድንጋይ ዱቄቱን ግን ፈጽሞ አይቀንሱ፤ ቅርፊቱ ይሳሳል።

አርሶ አደር፣ ቆቦ፦
በባለሙያው ሐሳብ እስማማለሁ፤ በቆሎውን ሙሉ በሙሉ መተካቱን ግን አልደግፍም። ማሽላ በእኛ ቆላ የሰው እንጀራ ነው፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ዋጋው ስለሚንር፣ ዶሮዎቹን በእርሱ ላይ ብቻ ያቆመ ሰው ያን ዓመት ይቸገራል። ግማሹን ቢተኩ ይበቃል። በጉድጓድ የቆየ ማሽላ ከተሸጠልዎ ደግሞ ከኩንታሉ መሐል እፍኝ አውጥተው ያሽትቱት፤ የሻጋታ ጠረን ካለው አይግዙ። ሻጋታው የሚያመርተው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመታጠብም ሆነ በመቆላት አይጠፋም፤ የዶሮዎቹን ጉበት ይጎዳል፣ ምርትም ይቀንሳል።

የአትክልት አምራች፣ ቦርከና ዳር፦
ሽታው የሚብሰው ጉዝጓዙ ሲረጥብ ነው። ከሥሩ ጭብጥ አድርገው ጨምቀው ይዩት፤ ተጣብቆ ከቀረ ርጥበቱ በዝቷልና ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይጨምሩበት፣ በተለይ በውኃ መጠጫው ዙሪያ፤ መስኮቱንም ክፍት ያድርጉት። ትኩስ ኩስ ችግኝ ስለሚያቃጥል ከጭድ ጋር ተከምሮ መብላላት አለበት። እኛ በመስኖ ጎመንና ሽንኩርት የምናለማ ሰዎች የዳፕና የዩሪያ ማዳበሪያ ዋጋ ስለከበደን ለእንዲህ ያለው ፍግ ፈላጊዎች ነን፤ በለውጡ ለዶሮዎችዎ የሚሆን የጎመን ቅጠል ከማሳችን መውሰድ ይችላሉ።

የኮምቦልቻዋ አርቢ፦
አላህ ይስጥልኝ። ግማሹን በነጭ ማሽላ እጀምራለሁ። ቦርከና ዳር ያሉት ወንድሜ ጉዝጓዙን የምንቀይርበትን ጊዜ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።