ሩምታ የሚተኩስ ሽጉጥ ለፖሊስ ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ አንድ ነገር እንከራከር። መቀያየሪያው ሲዞር ከነጠላ ወደ ሩምታ የሚሸጋገር፣ ማለትም ቃታው እንደተሳበ ጥይት በተከታታይ የሚተፋ ሽጉጥ አለ። ፖሊስና አጃቢ ሊታጠቀው ይገባል? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ከእነዚህ ሽጉጦች አንዱ፣ ግሎክ 18፣ በደቂቃ 1,200 ጥይት ገደማ በሚሆን ፍጥነት ይተኩሳል። በሰከንድ 20 ማለት ነው። 17 ጥይት የሚይዘው ካዝና ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። የመጀመሪያው ጥይት ዒላማውን ቢመታ እንኳ የቀሩት ማን ላይ ነው የሚያርፉት?

የቀድሞ አጃቢ፦ ወንድሜ፣ አጃቢ ትልቅ መሣሪያ አንግቶ ሕዝብ መሃል መቆም አይችልም። ኮት ስር የሚገባ ነገር ይፈልጋል። ጥቃት ሲመጣ ደግሞ ጊዜ የለህም። ግሎክ 18 እኮ ለኦስትሪያው ኮብራ ፀረ ሽብር ክፍል ነው የተሠራው። ሁልጊዜ ሩምታ ላይ አድርጎ የሚሄድም የለም።

ታሪክ ወዳዷ፦ ታሪኩን እንየው እስቲ። ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ገና በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስታየር ሽጉጧን ሩምታ አስተኩሳዋለች። በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ በፈረንጆች ነው) የስፔን ፋብሪካዎች የጀርመኑን የማውዘር ሽጉጥ ቅጂ በሩምታ አወጡ። ማውዘርም በ1932 የራሱን የሩምታ ሽጉጥ፣ ሽኔልፎየርን፣ ይዞ መጣ። ትልቋ ገዢ ቻይና ነበረች። እዚያ ተዋጊዎቹ ሽጉጡን ወደ ጎን አጋድመው መተኮስ ለመዱ። ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ አፈሙዙ ወደ ላይ ይወጣላ! ሲጋደም ግን ጥይቱ ወደ ጎን ይጠርጋል። ለውጊያ ብልሃት ነው። ሰው በሚተላለፍበት ጎዳና ግን ያስፈራል።

መካኒኩ፦ እህቴ ልክ ብለሻል። መነሻው ክብደት ነው። ሽጉጥ ቀላል ነው፤ ከላይ ያለው ተንሸራታች ክፍልም የሚሄደው አጭር መንገድ ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል። እጅ ከአንዱ ርግጫ ሳያገግም ሌላው ጥይት ይወጣል። ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። በ1951 ሥራ ላይ የዋለው የሶቪየቱ ስቴችኪን እጀታው ውስጥ ፍጥነት መቀነሻ አለው፤ የሽጉጡ ማኅደርም ከኋላ ሲገጠም ትከሻ ላይ የሚደገፍ ሰደፍ ይሆናል። በ1970 የወጣው የጀርመኑ ቪፒ 70 ሰደፉ ካልተገጠመ ሩምታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሲገጠምም በሦስት ጥይት ያቆማል። ቤሬታ 93 አርም ሩምታው ሦስት ሦስት ጥይት ነው፤ ፊት ለፊት የሚታጠፍ ተጨማሪ መያዣ ጨመሩለት። እኔ ቪፒ 70ን በጣም አደንቃለሁ፤ መሣሪያው ራሱ ተኳሹን ይገድበዋል። ግን ሰደፉንም መያዣውንም ከደመርክ በኋላ የያዝከው ሽጉጥ ነው ወይስ ትንሽ መትረየስ? ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ደህና ንዑስ መትረየስ አልያዝክም?

የቀድሞ አጃቢ፦ ስቴችኪንን ግን እንዲህ በቀላሉ አትለፉት። ምርቱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆሟል። ልዩ ኃይሎች ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይዘውታል። የማይረባ ቢሆን ይጥሉት ነበር።

ታሪክ ወዳዷ፦ በሩምታው ብቻ አይመስለኝም። 20 ጥይት ይይዛል፤ ከበድ ስለሚልም በነጠላ ሲተኮስ ይረጋጋል። ሩምታውን ብታወጣለትም ጥሩ ሽጉጥ ነው።

ጠያቂ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዒላማው ጎን ወይም ኋላ ያለው ሰው ነው። ልጅ ያዘለች እናት ልትሆን ትችላለች። ፖሊስ ለእያንዳንዷ ጥይት መልስ መስጠት አለበት። በሰከንድ 20 ለሚወጣ ጥይት እንዴት አድርጎ ይመልሳል? በሦስት የሚያቆመውን፣ ሰደፍ ያለውን፣ በደንብ ለሠለጠነ ልዩ ክፍል እሺ እላለሁ። ለጎዳና ፖሊስ ግን በፍጹም።

የቀድሞ አጃቢ፦ በጎዳናው ፖሊስ ተስማምተናል። አጃቢን ግን ከልዩ ክፍል ቁጠርልኝ።