የድቡልቡል ብረት የጋራ ግዢ፦ ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን የብረት የጋራ ግዢ እስካሁን ከአባላት የደረሰኝ ጥያቄ «ወፍራም ብረት»፣ «የ40 ብረት» የሚል ነው። ይህን ብቻ ይዞ ሻጭን ዋጋ መጠየቅ አይቻልም። ብረቱን ለምን ሥራ እንደምትፈልጉት ጻፉ።

ቡሬ፣ ቶርኖ ቤት፦ የኔ የወፍጮ ሻፍት፣ የሚሽከረከረው ዘንግ ነው። ለስላሳ ብረት አይሆነኝም፤ ሻፍቱን የሚይዘው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ቶሎ ይበላል። 0.45 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ ሲ45 የሚባለው ይግባልኝ። ላዩ ያልተላጠው ጥቁሩ ብረት ከሆነ ቅርፊቱ በቶርኖ ስለሚላጥ ለ40 ሚሊ ሻፍት የ45 ሚሊ ይጻፍ።

ፍኖተ ሰላም፣ ብየዳ፦ ጋሼ፣ እሱ ለኛ ጣጣ ነው። ሲ45 ሳይሞቅ ከተበየደ የመሰንጠቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። በርና መስኮት ለምንሠራ ለስላሳው ይሻላል። ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ቡሬ፣ ቶርኖ ቤት፦ ማን ይቅር አለ? ለየብቻ ይጻፉ እንጂ! እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የፌሮ ጥርስ ልጦ ሻፍት ነው ብሎ የሚሸጥ አለ። ጥርሱ ኮንክሪት እንዲይዝ የተሠራ ነው። ብረቱም ሕንፃ ውስጥ ውጥረት እንዲሸከም እንጂ ቀን ከሌት እንዲሽከረከር አልታሰበም። እህል ተሰልፎ ሻፍት ሲቆረጥ የሚሰደበው ደግሞ ቶርኖ ቤቱ ነው።

ሞጣ፣ አዲስ አባል፦ ሲመጣ በምን እንለየዋለን? መልኩ አንድ ነው።

ቡሬ፣ ቶርኖ ቤት፦ ግራይንደር አስነካው፣ ልጄ። የለስላሳው ብልጭታ ረዘም ይላል፣ ብዙም አይበተንም። ካርቦኑ ከፍ ሲል ጫፉ ላይ እንደ ርችት ይፈነዳል። ጥላ ውስጥ ሆነህ ከምታውቀው ቁራጭ ጋር አስተያየው። ይህ ግን ግምት ነው፤ የፋብሪካ ሰርተፍኬት ይጠየቅ።

ደጀን፣ የወተትና የማር ዕቃ፦ ለኛ ከማይዝገው ብረት ስቴንለስ 304 የሚባለው ዓይነት ይበቃናል። 316 የሚባለው ስቴንለስ ሞሊብደነም የተባለ ማዕድን አለበት፣ ጨው የበለጠ ይችላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ጣና እንደሆነ ጨው የለውም!

ባሕር ዳር፣ የፓምፕ ጥገና፦ ለቦኮላ፣ ሻፍቱ ውስጡ ለሚዞርበት ቀለበት፣ ነሐስ ጨምሩ። መበላት ካለበት ቦኮላው ይበላ፣ ሻፍቱ ይትረፍ።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ጥሩ። ርክክቡስ? የምንከፍለው በኪሎ ነው።

ፍኖተ ሰላም፣ ብየዳ፦ የብረቱ ውፍረት በሚሊ፣ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩን ኪሎ ይሰጣል። የ40 ብረት 9.88 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ባለ 6 ሜትሩ 59 ኪሎ አለፍ ይላል። «40» ተብሎ 38 ከመጣ ግን በሜትር ወደ 1 ኪሎ ይጎድላል። ስለዚህ ሚዛንም፣ ውፍረት የሚለካው ካሊፐርም ይኑር። ለነሐስ ይህ ስሌት አይሠራም፣ ከብረት ይከብዳል።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦ አንቀጽ 3ን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «ማኅበሩ ለስላሳ ብረት፣ ሲ45፣ ስቴንለስ 304 እና የቦኮላ ነሐስ በየዓይነቱ ለየብቻ ዋጋ ይጠይቃል። ፌሮ በሌላው ምትክ አይቀበልም። ሲ45 እና ስቴንለስ ያለ ሰርተፍኬት መጋዘን አይገቡም። ርክክብ በሚዛንና በካሊፐር ይሆናል።»

ቡሬ፣ ቶርኖ ቤት፦ ተስማምቻለሁ። እንግዲህ 6 ሜትር ብረት በባጃጅ አይጫንም፤ የት ይቆረጣል?

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦ መጋዘኑ ላይ። ለቁርጥራጩ የሚከፍለው ማኅበሩ ይሁን ወይስ ያስቆረጠው አባል፣ እሱ ይቀረናል። እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ጻፉ።