ለማስተርስም ለካናዳም የሚሆን አንድ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ?

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እንግሊዝ አገር ለማስተርስ ማመልከት አስቤያለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ ማለትም አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ ቋሚ ነዋሪነት በሚሰጠው መንገድ፣ ካናዳን እንሞክር ይላል። በአንድ ፈተና ሁለቱንም መጨረስ ይቻላል? አንድ ማሰልጠኛ ቤት አይልትስ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ብጠይቅ «አይልትስ ያው አይልትስ ነው፣ ዝም ብለሽ ተመዝገቢ» አሉኝ። ከቤት ሆነው በኢንተርኔት የሚፈተኑት ዱዎሊንጎ ይረክሳል የሚሉም አሉ።

ዶሴ፦
«ያው ነው» ያለሽን አትስሚው። አይልትስ አካዳሚክና ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ማዳመጡና ንግግሩ አንድ ነው፤ ንባቡና ጽሑፉ ይለያያል። ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው አካዳሚኩን ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ፈተናዎች ጄኔራሉን፣ ወይም ሴልፒፕ ጄኔራልና ፒቲኢ ኮር ከሚባሉት ሌሎች ፈተናዎች አንዱን ነው የሚቀበለው። አካዳሚክ ላይ ከፍተኛውን 9 ብታመጪም እዚያ አይቆጠርልሽም፤ ቶፍል የሚባለው ፈተናና ዱዎሊንጎም እንደዚያው። የእንግሊዙ ኦፈር ሌተር (ዩኒቨርሲቲው የሚልከው የመቀበያ ደብዳቤ) ላይ «ዩኬቪአይ» የሚል፣ ማለትም ለእንግሊዝ ቪዛ የሚሆነው ዓይነት፣ ካለ ደግሞ ተራው አካዳሚክ አይበቃም። የፈተናው ይዘት ያው ቢሆንም ምዝገባው ለብቻ ነው።

ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ ሁለቱን ፈተና አንድ ላይ አትግቢባቸው። ማመልከቻው ቀድሞ የሚዘጋውን አስቀድሚ።

የካዛንቺሱ፦
የውጤት አያያዙም ይለያያል። ዩኒቨርሲቲ «አማካይ 6.5፣ አንዱም ከ6.0 እንዳያንስ» ሊልሽ ይችላል። 7.0፣ 6.5፣ 6.0 እና 5.5 ብታመጪ አማካዩ 6.25 ሆኖ ወደ 6.5 ይጠጋጋል፤ ግን ያቺ 5.5 ትጥልሻለች። ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ ናት።

ካናዳ አማካዩን ዞር ብሎ አያየውም። ማዳመጥ፣ ንባብ፣ ጽሑፍና ንግግር አራቱን ለየብቻ ወደ ሲኤልቢ፣ ወደ ካናዳ የቋንቋ ደረጃ፣ ይቀይራል። ሲኤልቢ 9 ለማግኘት ማዳመጥ 8.0፣ የቀሩት 7.0 መሆን አለባቸው። ማዳመጥ 7.5 ከሆነ ሲኤልቢ 8 ላይ ትቀሪያለሽ፤ ከትምህርትና ከሥራ ልምድ ጋር ተያይዞ የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብም ከፍ የሚለው 9 ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው።

«ጄኔራል ይቀላል» የሚሉትም ግማሽ እውነት ነው። ምንባቦቹ ይቀላሉ፤ ንባብ ላይ 7.0 ለማግኘት ግን ከ40ው ጥያቄ 34 ገደማ መመለስ አለብሽ፣ አካዳሚክ ላይ 30 ገደማ ይበቃል። ማዳመጥ ላይ «ከሁለት ቃል አይብለጥ» ተብሎ ሦስት ከጻፍሽ መልሱ የለም በይው። የብዙ ቁጥሯ «ኤስ» ብትጎድልም እንደዚያው። በወረቀት ስትፈተኚ መልስ የምትገለብጪበት 10 ደቂቃ አለ፤ በኮምፒውተር ማረጋገጫ 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ጽሑፍ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋው የመጀመሪያው እጥፍ ስለሆነ 40 ደቂቃውን ለእሱ ያዢ። በቃል የተሸመደደ መግቢያ ፈታኙ ወዲያው ነው የሚያውቀው።

ላፕቶፕ፦
ዱዎሊንጎ እውነትም ይረክሳል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ውጤቱም በ2 ቀን ውስጥ ይመጣል። ከመክፈልሽ በፊት ግን የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጊ። የእኛ ከተማ ጣጣ መብራትና ኢንተርኔት ነው፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ፈተናው ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ ቻርጁ የሞላ፣ ራውተሩ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ካፌ አይታሰብም፤ ሰው መግባት የለበትም፣ ጆሮ ማዳመጫም ክልክል ነው። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል።

ደግሞ ከሁሉም በፊት ሬጅስትራር ሂጂ። ዲግሪሽን በእንግሊዝኛ መማርሽን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሲሳካ የፈተናውን ብር ያስቀራል። ለካናዳው ጉዳይ ግን አይሠራም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ካናዳ የእሱ ጉዳይ ነው፤ እሱ ጄኔራሉን ከተፈተነ እኔ መፈተን የለብኝም ማለት ነው?

ዶሴ፦
ግዴታ የለብሽም። ግን የትዳር ጓደኛ ቋንቋ እስከ 20 ነጥብ ይጨምራል፤ ለመግባት ጥቂት ነጥብ ከጎደላችሁ ተፈተኚ። ከሁለታችሁ ማን ዋና አመልካች ቢሆን እንደሚሻልም ሁለቱንም መንገድ አስሉት፤ ባል ስለሆነ ብቻ እሱ አይሁን።

ምዝገባው ላይ ስምሽን ፊደል በፊደል ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙዪ፣ እንደ ዲግሪው አይደለም። የልደት ቀንሽንም ከእኛ አቆጣጠር ራስሽ አትገልብጪ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቅጂ። የፈተናው ቀን ዋናውን ፓስፖርት ይዘሽ ሂጂ፣ ኮፒ ይዞ የመጣ ከበር ነው የሚመለሰው።