የአባባ ስፒከር ስፖንጁ ረገፈ፤ እስከ ቅዳሜ ምን ላድርግ?

የፒያሳዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። አባታችን ትተውልን ያለፉት ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አሉ። ዛሬ ሸክላ ስናጫውት አንዱ ድምፁ ይሰነጣጠቅ ጀመር። የፊት ጨርቁን ሳነሳው በትልቁ ክብ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ በጣቴ ስነካው እንደ አመድ ረገፈ። ቤዙም የለም። አንድ ጠጋኝ «ተቃጥሏል፣ ውስጡን አውጥተን አዲስ እንግጠም» አለኝ። ቅዳሜ ወንድሜ ከአሜሪካ ይገባል፣ በአባባ ሸክላ ልንቀበለው ነበር። ልስጠው ወይስ በሱፐር ግሉ ልለጥፈው?

ባለሸክላው፦ እህቴ፣ እንዳትሰጪ! አሮጌውን ዉፈር፣ ቤዝ የሚያወጣውን ያንን ትልቁን ክብ፣ ካወጡት መልሰሽ አታገኚውም።

አቢ ካዛንቺስ፦ ሱፐር ግሉ ይበቃዋል። ቅዳሜ ግን እኛንም ጥሪን፣ ዳቦ ይዘን እንመጣለን።

ጋሽ መካኒክ፦ ሱፐር ግሉ አይሆንም ልጄ። ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ ጠርዙ ደግሞ መለጠጥ አለበት። ድሮ ብዙ ፋብሪካዎች ጠርዙን ከፖሊዩሬታን ስፖንጅ ይሠሩት ነበር። አጫወትሽውም አላጫወትሽውም በአየርና በእርጥበት ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው አኩስቲክ ሪሰርች አየር የማያስወጣ ሳጥን ይዞ መጣ፤ ውስጡ የታፈነው አየር ራሱ ሞላ ሆኖ የሚርገበገበውን የዉፈሩን ወረቀት ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የአንቺም የታሸገ ከሆነ ከጥገና በኋላ አየር እንዳያሾልክ።

ናቲ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ብሉቱዝ ግዙና ገላገሉት።

የፒያሳዋ፦ ናቲ፣ የአባባ ነው አልኩ እኮ። ስሙን አላየሁም። ገመዱ ጫፍ ላይ አንድ ክብ፣ አንድ ጠፍጣፋ እግር ነበረው። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ላይ አልገባ ሲል ታናሼ ቆርጦ ሽቦውን አሰረው።

ባለቴስተሩ፦ ይኸው ተገኘ! ያ ዲን የሚባለው ሶኬት ነው፤ በድሮ የጀርመንና የሌሎች የአውሮፓ አገሮች ዕቃዎች ላይ የተለመደ ነበር። ክቡ ፖዘቲቭ፣ ጠፍጣፋው ኔጋቲቭ። የአንዱ ሽቦ ከተገላበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል። ስለዚህ የቤዙ ነገር ከስፖንጁ ብቻ ላይሆን ይችላል። ተቃጥሏል የሚለውን ደግሞ ሳይለኩ አትመኑ። ከአምፑ ንቀሉና በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ኦሙን ለኩ። 8 ኦም የሚል ስፒከር 6 አካባቢ፣ 4 ኦም የሚለው 3 ተኩል አካባቢ ካነበበ የዉፈሩ ጥቅል፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥምጥም፣ ደህና ነው። ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

አቢ ካዛንቺስ፦ እኔ አሁንም ሱፐር ግሉ ነው የምለው።

ባለሸክላው፦ አቢ፣ ተው! እህቴ፣ ስፖንጁ ብቻውን በቀለበት መልክ ይሸጣል። አይከብድም፣ ወንድምሽ ከአሜሪካ ሳይነሳ ይዞ እንዲመጣ ንገሪው። ግን በግምት አይታዘዝም። የወረቀቱን ስፋትና የብረት ክፈፉን የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ለኪ። ከጀርባ ያለውን ጽሑፍም ፎቶ አንሺለት። የሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ ያኛውም መርገፉ አይቀርም። ሲደርቅ የሚለጠጥ ነጭ ኮላ ተጠቀሙ። ኮላው ሳይደርቅ ወረቀቱን በአራት ጣት ዙሪያውን እኩል፣ ቀስ ብለሽ ግፊው። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማሽ ጥቅሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፣ ቀለበቱን ትንሽ አንቀሳቅሺው። እስከዚያው እንዳታጫውቱት፣ ጥቅሉ ያን ጊዜ ነው በእውነት የሚበላሸው። ለቅዳሜ ሌላ ስፒከር ተዋሱ፣ ሸክላው ያው የአባባ ነው።

ጋሽ መካኒክ፦ ስንት ሚሊሜትር ወጣ? ወንድምሽ ሳይነሳ ጻፊልን።