የነዳጅ መስመሩ ከታንኩ አልላቀቅ አለኝ፣ እርዱኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች፣ የፒክአፔ ነዳጅ ታንክ በዝገት ተበስቶ ልቀይረው ከስር ከገባሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ቤንዚን ነው፣ ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው። ማሰሪያዎቹን ፈትቼ ታንኩን በክሪክ ይዤ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ግን ፍንክች አይሉም። በብሎን አይደለም የሚታሰሩት፣ ጠቅ ብለው የሚገቡ ናቸው፣ ውስጣቸው ነጭ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ማላቀቂያዋን ገዝቼ አስገባሁ፣ ጎተትኩ፣ በፒንሳ ጠመዘዝኩ፣ ምንም የለም፣ እንዳልሰብረው ፈርቼ ተውኩት። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ወንድሜ መጀመሪያ ግፊቱን አውርደሃል ወይ? መኪናው ጠፍቶ ቢያድርም መስመሩ ውስጥ ግፊት ሊቀር ይችላል፣ ሲሠራ እኮ ብዙዎቹ ላይ ከ3 እስከ 4 ባር ነው፣ በዛ ላይ ግፊት ያለበት መስመር ራሱ መያዣውን አጥብቆ ይይዘዋል። ታንኩ በቦታው እያለ ቢሆን የፓምፑን ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚያደርስለትን ማብሪያ) ነቅለህ ሞተሩን አስነስተህ እስኪጠፋ መጠበቅ ነበር፣ አሁን ግን ታንኩ በክሪክ ላይ ስለሆነ ሞተር እንዳታስነሳ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ ሞተሩ ጋ ባለው የነዳጅ መስመር ላይ እንደ ጎማ መንፊያ ያለች ቫልቭ ካለችው ጨርቅ ጠቅልለህባት ቀስ ብለህ ተጫናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ መነጽርም አድርግ።

መልስ 2፦
ችግርህ ጭቃ ነው፣ በእርግጠኝነት እነግርሃለሁ። የነጩ ቀለበት ጥርሶች ቱቦው ላይ ካለችው ጉብታ ኋላ ነው የሚይዙት፣ ማላቀቂያዋ ደግሞ የምትሠራው ጥርሶቹን ወደ ውጭ ስትከፍት ነው፣ እዛ ክፍተት ውስጥ አሸዋና አቧራ ከደረቀ ጥርሶቹ የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም ስለዚህ በጎተትክ ቁጥር የበለጠ ይነክሳሉ። መጀመሪያ በውሃ እጠበው፣ በኮምፕሬሰር ንፋው፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍተህ ሩብ ሰዓት ተወው። ከዛ አትጎትት! መስመሩን ወደ ታንኩ ግፋው፣ ግራ ቀኝ በእጅህ እያዞርክ፣ ትንሽ ሲላላ ማላቀቂያዋን እስከ መጨረሻ አስገብተህ እንደያዝካት ያኔ ሳብ። መጠኗንም እይ፣ ሁለቱ መስመሮች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፣ አንዱ 3/8 ሌላው 5/16 ኢንች ይሆናል፣ ሰፊዋን በቀጭኑ ላይ ካደረግክ ጥርሱን አትነካውም። ፒንሳውን ግን ተወው፣ ፕላስቲኩን ነው የሚሰነጥቀው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! እውነትም ሁለቱንም በአንድ መጠን ነበር የምሞክረው። ቀጭኑ ሦስቴ ገፋ አድርጌ ስስበው ወጣ። ወፍራሙ ግን የፓምፑ ቱቦ ብረት ስለሆነ ዝጎ ተጣብቋል፣ መዞርም አይዞርም። በሙቀት ልሞክረው?

መልስ 3፦
ኧረ በፍጹም እንዳታደርገው ልጄ! ሙቀትም፣ ግራይንደርም፣ የፀጉር ማድረቂያም አይቅረብህ። ታንኩ ባዶ ቢሆንም አትዘናጋ፣ ከሙሉው ይልቅ ባዶው ነው የሚፈነዳው፣ ውስጡ ትነቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቀር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ጥግ ላይ ያለ እሳት ያገኛል። አምፖል ያለው የእጅ መብራት ይዘህ ከሆነም አውጣው፣ ነዳጅ ጠብ ብሎበት ሲሰበር እሳት ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ነዳጁን ቀድተህ ካልጨረስክ ቅዳው፣ 60 ሊትር ወደ 45 ኪሎ ነው፣ በአንድ ክሪክ ላይ እያወዛወዝክ ከስሩ አትተኛ።

መልስ 2፦
ፓምፑንም አብረህ ነው የምትቀይረው? ከሆነ ቀላል ነው፣ የሚጣለውን ጎን ቁረጥ። መስመሩን ሳትነካ የድሮውን ፓምፕ ቱቦ በእጅ የቱቦ መቁረጫ፣ ብልጭታ በሌለው፣ ቁረጠውና ታንኩን አውርድ። ቁራጩን ከዛ በኋላ ተረጋግተህ ታላቅቀዋለህ።

መልስ 4፦
እኔ ብሆን መስመሩን ቆርጬ በጎማ ቱቦና በፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አገናኘው ነበር፣ ምን ያደክማል።

መልስ 1፦
እሱን አትስማው ወንድሜ። መስመሩ ጠንካራ ናይለን ነው፣ ላዩ ልሙጥ ስለሆነ ፋሼታው በደንብ አይዘውም፣ በ4 ባር ከላዩ ይንሸራተታል። መቁረጥ የግድ ከሆነ ለናይለን መስመር የተሠራ አዲስ ማገናኛ አለ፣ ጫፉን ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ በሙቅ ውሃ አለስልሰህ ነው የምታስገባው።

ጠያቂው፦
አዲስ ፓምፕም ገዝቼ ስለነበር የድሮውን ቱቦ ቆረጥኩት፣ ታንኩ በአስር ደቂቃ መሬት ወረደ። ቁራጩን ዘይት ነክሬ አሳድሬው ጠዋት ወደ ውስጥ ገፋ ሳደርገው ቀጭ አለና ወጣ፣ ከቀለበቱ ውስጥ የወጣው ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቆ ክብ ሠርቷል። ስገጥመው የማደርገው ነገር አለ?

መልስ 2፦
ውስጡ ያለችውን የጎማ ቀለበት እይ፣ ከተበላች ቀይራት። ፒንሳው የሰነጠቀው ነገር ካለም ማገናኛውን አትመልሰው። የአዲሱን ፓምፕ ቱቦ ጫፍ ንጹህ የሞተር ዘይት ቀባ አድርገህ ጠቅ እስኪል ግፋ፣ ከዛ መልሰህ ሳብ አድርገው፣ ካልወጣ ይዟል ማለት ነው። ማሰሪያዎቹን ሙሉ በሙሉ ከማጥበቅህ በፊት ታንኩ ውስጥ ትንሽ ነዳጅ ጨምረህ፣ ባትሪውን አስረህ ቁልፉን ሁለት ሦስቴ ኦን አድርግ፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ ፓምፑ መስመሩን ይሞላዋል፣ ያኔ በባትሪ መብራት መገጣጠሚያዎቹን እይ፣ እርጥብ ነገር ካየህ እንደገና ዝቅ አድርገው።