ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ የአልጋ ልብስ

ጥያቄ፦ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ያገኘኋቸውን ባለቀለም ቁርጥራጮች ገጣጥሜ ለልጄ የአልጋ ልብስ ሰፋሁላት፤ ሆኖም መጀመሪያ ባጠብኩት ዕለት ቀዩ ጨርቅ ለቅቆ ነጩን ሮዝ አደረገው፣ መጋጠሚያዎቹም ተጨማደዱ። ስህተቴ የት ላይ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ቁርጥራጮቹን ከመስፋትዎ በፊት ለየብቻ አጥበው ሊተኩሷቸው ይገባ ነበር። ቀዩን አርጥበው በነጭ እራፊ ይጫኑት፤ ቀለሙን ከለቀቀ ከነጭ ጋር አይግጠሙት። ለስፌቱም ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ያህል በሁሉም ላይ እኩል ይተዉ፤ አለዚያ ማዕዘኖቹ አይገናኙም።

ሌላ መልስ፦ እኔ ካረጀ የሐበሻ ቀሚስ የፈታሁትን ጥለት መሃሉ ላይ አስገብቼ፣ ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሞልቼ ሰፍቻለሁ። ባለቤቴ «ድሪቶ» እያለ ቢስቅብኝም ማታ ማታ የሚሻማኝ እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ፤ ቀዩን ፈትቼ በአረንጓዴ እተካዋለሁ። ልጄ ግን ሮዝ የሆነውን እንዳልነካባት አስጠንቅቃኛለች።